ፖሊ፣ ፔዳ እና የጣና ውለታ

ባሕር ዳር የተማረ ሰው ስለ ከተማዋ ሲጠየቅ መጀመሪያ ዘንባባውን፣ ቀጥሎ ዓሣውን ያነሳል። እኛም ስንገናኝ ከዚያ ብዙም አናልፍም። ዛሬ ግን ትንሽ ወደ ኋላ ሄደን፣ ትምህርት ቤቶቻችን ለምን እዚህ ሐይቅ ዳር እንደተተከሉ ብናይ ደግ ነው።

ከተማዋ የተቀመጠችው ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በደቡቡ ዳርቻ፣ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ጥንት በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለች መንደር ነበረች። ነገደ ወይጦዎች ከደንገል የሚሠሩት ታንኳ ሰውና ዕቃ ያመላልስ ነበር፤ የዘጌ እንጨትም ወደ ገበያዋ የሚመጣው በታንኳ ነበር። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲወር ቦታዋን አይቶ ለጦሩና ለአስተዳደሩ ማዕከል አደረጋት።

የታሪክ ነገር ግን ይገርማል። ከተማዋን የኢንዱስትሪ ከተማ ያደረጋት፣ ያው ጣሊያን ለወረራው የከፈለው የጦር ካሣ ነው። በ1953 ዓ.ም. የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተሠራው በዚሁ ገንዘብ ነበር። ፋብሪካ ደግሞ መብራት ይፈልጋል። መብራቱ ከከተማዋ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ከሚገኘው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ መጣ፤ በ1950ዎቹ አጋማሽ 11.4 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ሥራ ጀመረ። በዚያው ዘመን ማክስ ጉተር የተባለው ጀርመናዊ የከተማ ፕላን ባለሙያ የከተማዋን ማስተር ፕላን ነደፈ። ዛሬ የምንወዳቸው ሰፋፊ ጎዳናዎች የዚያ ፕላን ውጤት ናቸው።

ማሽኑም ሰው ይፈልጋል። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር ፖሊ ተከፈተ፤ በጨርቃ ጨርቅ፣ በብረታ ብረት፣ በእንጨት፣ በኤሌክትሪክ፣ በኢንዱስትሪ ኬሚስትሪና በእርሻ መሣሪያዎች ባለሙያ ማፍራት ጀመረ። ከአሥር ዓመት በኋላ በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ የመምህራን ትምህርት አካዳሚው፣ ማለትም ፔዳ፣ ተከተለ። ሁለቱ በ1992 ዓ.ም. ተዋህደው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኑ።

እንግዲህ ሰንሰለቱ ይኸው ነው፦ ሐይቁ ወንዙን፣ ወንዙ መብራቱን፣ መብራቱ ፋብሪካውን፣ ፋብሪካው ትምህርት ቤቱን ጠራ። ትምህርት ቤቱ ደግሞ እኛን። ከሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ያለነው እኛ ነን፤ መነሻው ግን ጣና ነው።

መነሻው ዛሬ ደህና አይደለም። በ1980ዎቹ መጨረሻ የዓባይን መውጫ የሚቆጣጠረው የጨረጨራ ግድብ ተሠራ። በ1993 ዓ.ም. 73 ሜጋ ዋት ያለው ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ጣቢያ ተጨመረ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የጣናን ውኃ በዋሻ ወደ በለስ የሚወስደው የ460 ሜጋ ዋት ጣቢያ ተመረቀ። መብራቱ ለአገር የሚያስፈልግ ነው፤ ማንም አይክድም። ነገር ግን በተማሪነታችን ጭጋጉ ያረጠበን ሰዎች በበጋ ፏፏቴውን ስናየው፣ «ይኼ ነው እንዴ?» እንላለን። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ እምቦጭ በሐይቁ ላይ ተንሰራፍቶ የዓሣ አጥማጁን መረብና የጀልባውን መንገድ ዘግቷል። ከከተማዋ የሚወጣው ፍሳሽም መድረሻው ያው ሐይቁና ወንዙ ነው።

ፍሳሽ ማጣራት የኬሚስትሪና የጨርቃ ጨርቅ ሰው ሥራ ነው፤ እምቦጭ የባዮሎጂ፣ የውኃው ልክ የምህንድስና። ይኼ ሁሉ ሙያ በመካከላችን አለ። ስለዚህ ለዘንድሮው ግንኙነታችን አንድ ሐሳብ ላቅርብ፦ በጀልባ ወጥተን ፎቶ ከተነሣን በኋላ፣ እያንዳንዱ ባች በጣና ላይ የመመረቂያ ጥናት ለሚሠራ አንድ ተማሪ ወጪውን ይሸፍን፤ ከመካከላችንም በሙያው የቀረበው ያማክረው። ሐይቁ እኛን አስተምሯል። አሁን ተራው የእኛ ነው።