700 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን

አዲስ አበባና አስመራ ከሞላ ጎደል በአንድ የኬንትሮስ መስመር ላይ ናቸው። ከቦሌ የተነሣ አውሮፕላን አፍንጫውን ቀጥ አድርጎ ወደ ሰሜን ቢበር 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አስመራ ያርፋል። ለጄት ከአንድ ሰዓት ብዙም የማይዘል መንገድ ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሥራውን የጀመረው በዚሁ መስመር ነው። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. አንድ ሲ-47 አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአስመራ በኩል ካይሮ ገባ። አውሮፕላኑ ለጦር ሠራዊት የተሠራ ስለነበር መቀመጫው በግራና በቀኝ የተዘረጋ ታጣፊ አግዳሚ ነው። ተሳፋሪው ፊት ለፊት ይተያያል፤ በመካከሉ ጭነቱ ከወለሉ ጋር ተጠፍሮ ይታሰራል። በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር ያህል ለሚበር አውሮፕላን አስመራ የሁለት ሰዓት ተኩል ጉዞ ነበረች።

ያን ጊዜ ኤርትራ በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ስለነበረች በረራው ድንበር ተሻጋሪ ነበር። በ1945 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ፌዴሬሽን ሲመሠረት የአገር ውስጥ ሆነ። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነጻነቷን ስታውጅ ደግሞ ተመልሶ የውጭ በረራ ሆነ።

በመካከሉ የጭንቅ ጊዜም አልፎበታል። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ ለኤርትራ ነጻነት በሚዋጋው በሻዕቢያ እጅ ስትገባ አስመራ ተከበበች፤ እስከ ግንቦት 1983 ዓ.ም. ድረስም ለከተማዋ እህልም ሰውም የሚገባው በአብዛኛው በአየር ነበር።

ግንቦት 1990 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል ጦርነት ፈነዳ፤ በረራውም ቆመ። ከዚያ በኋላ አስመራ መሄድ የግድ የሆነበት ሰው በሦስተኛ አገር ይዞር ጀመር። በካይሮ የዞረ መንገደኛ ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ በአየር ላይ ይጓዛል፤ ይህም የቀጥታውን ስድስት እጥፍ ይሆናል። ለዚያ ሁሉ ትኬት አቅም የሌለው እናቱን ሳይቀብር፣ የእህቱን ልጆች ሳያይ ቀረ። ሃያ ዓመት እንዲህ አለፈ።

ሁለቱ አገሮች ታርቀው በረራው እንደገና ሲጀመር፣ ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ጠዋት ቦሌ የነበረው ደስታ ልክ አልነበረውም። አየር መንገዱ ለአንድ አውሮፕላን ያሰበው ጉዞ ሁለት ድሪምላይነር አስፈለገው፤ ሁለተኛው ከፊተኛው ሩብ ሰዓት ያህል ዘግይቶ ተነሣ። ከተሳፋሪዎቹ መካከል የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ነበሩ፤ ከልጆቹ ተለይቶ የኖረ አባትም ነበረ። አስመራ ሲደርሱ ከአውሮፕላኑ ወርደው መሬት የሳሙ ነበሩ። የጠበቋቸው ዘመዶች አንገት ላይ ተጠምጥመው አለቀሱ። ሃያ ዓመት ሙሉ የታጣችው ያቺ አንዲት ሰዓት ነበረች።

መስመሩ ስድስት ዓመት ሠራ። ነሐሴ 28 ቀን 2016 ዓ.ም. አየር መንገዱ ከአቅሙ በላይ የሆነ ችግር እንደገጠመው ገልጾ የአስመራን በረራ አቋረጠ። መንገደኛውም ሻንጣውን ይዞ እንደገና በሦስተኛ አገር መዞር ያዘ።