የኃይሉ መርጊያ ካሴት
እ.ኤ.አ. 1985፣ ዋሽንግተን ዲሲ
አኮርዲዮን፣ ሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘር፣ የከበሮ ማሽን

ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1946 ደብረ ብርሃን ተወለደ። በ10 ዓመቱ አዲስ አበባ ገባ፤ በ14 ዓመቱ አኮርዲዮንን ያለ አስተማሪ ለመደ። ከዚያ የጦር ሠራዊቱ ሙዚቃ ክፍል፣ ቀጥሎ የምሽት ክበቦች፣ ኋላም ከዋልያስ ባንድ ጋር የሂልተን ሆቴል መድረክ። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ከታወጀ ወዲያ እንግዳው ሳይነጋ መውጣት ስለማይችል ባንዱ ሌሊቱን ሙሉ ይጫወት ነበር።

ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ሲጓዝ ኃይሉ እዚያው ቀረ። ይህን ካሴት ሲሠራ ባንድ አላጀበውም፤ መሣሪያዎቹን የተጫወተው ራሱ ነው። ከዚያ ለዓመታት ታክሲ ነዳ፤ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከመኪናው ዕቃ መጫኛ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። አንድ አሜሪካዊ አሳታሚ ካሴቱን ባሕር ዳር አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ዳግም ሲያወጣው ኃይሉ ገና ታክሲ ነጂ ነበር።