ከዐማራት እስከ ሶማሌ ተራ፦ የአሮጌ ማርቼዲስ ቴፕ ታሪክ

ስሙን ሲሰማ የእኛ አገር ሰው ልቡ ወደ ሌላ ነገር ይሄዳል። ዐማራት ግን ከአማራ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። «ዒማራ» በዐረብኛ ሕንፃ ማለት ሲሆን ዐማራት ብዙ ቁጥሩ ነው፤ «ሕንፃዎች» እንደ ማለት ነው። ከካርቱም አውሮፕላን ማረፊያ በስተምዕራብ የተዘረጋው ይህ ሰፈር ጎዳናዎቹ ከስም ይልቅ በቁጥር ይታወቃሉ። እስከ 2023 ጦርነት ድረስ ኤምባሲዎች፣ የኩባንያ ጽሕፈት ቤቶችና የባለጸጎች መኖሪያዎች የበዙበት ሰፈር ነበር። በርካታ ኢትዮጵያውያንም በሾፌርነት፣ በቤት ሠራተኛነት፣ በምግብ ቤትና በቡና ሥራ እንጀራቸውን የጋገሩበት ነው። የጥሩ መኪና ሰፈር የጥሩ ቴፕ ሰፈርም ነውና፣ በዚህ ጽሑፍ በአሮጌ የቅንጦት መኪኖች ውስጥ ከፋብሪካ ተገጥሞ የመጣው የድምፅ መሣሪያ በካርቱምና በአዲስ አበባ ምን እንደ ገጠመው፣ እንዴት እንደሚጠገንና ለምን መጠገን እንደሚገባው ለማየት እንሞክራለን። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሬዲዮ መኪና ውስጥ የገባው እንደ ውድ ጌጥ ሆኖ ነው። በአሜሪካ ሞቶሮላ የተባለው በ1930 ብቅ አለ። በአውሮፓ ደግሞ ብላውፑንክት በ1932 ያወጣው የመጀመሪያው የመኪና ሬዲዮ የአንድ ትንሽ መኪናን ዋጋ ሲሶ ያህል ያስከፍል ነበር። እንዲህ ያለው ዕቃ ወደ ዓባይ ዳርቻ ሲመጣ መጀመሪያ የደረሰው በሹማምንቱ እጅ ቢሆን አያስገርምም። የኦምዱርማን ሬዲዮ ሥርጭቱን የጀመረው በ1940 በጦርነቱ መካከል ነበር። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከእንግሊዝ አገር ተነሥተው ካርቱም የገቡት በዚያው ዓመት ነው፤ በጥር 1941 ድንበር ተሻግረው ወደ አገራቸው እስኪገቡ ድረስም ሱዳን ውስጥ ቆይተዋል። የሁለቱ አገሮች የዘመናዊ ፖለቲካ ታሪክና የሱዳን ሬዲዮ ታሪክ በዚህ መልክ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዓመት ተገናኝተዋል።

ከነፃነት በኋላ የእንግሊዝ መኪኖች ቦታቸውን ለጀርመን መኪኖች እየለቀቁ ሄዱ። መሪም ቦታ ቀየረ፤ ኢትዮጵያ በ1964፣ ሱዳን ደግሞ በ1973 ከግራ ወደ ቀኝ መንገድ ዞረዋል። የዐማራት ባለጸጋ እንደ አዲስ አበባው ባለጸጋ ሁሉ ማርቼዲስን መረጠ። (ስሙን በጣሊያን አፍ «ማርቼዲስ» ብለን መጥራታችን የጋራዥ ቋንቋችን ከየት እንደ መጣ ይናገራል፤ ፍሬን፣ ጎማና ካምቢዮ ስንል ማንም አይደነቅም።) በማርቼዲስ ዳሽቦርድ ላይ የሚገኘው ሬዲዮ ለብዙ አሥርት ዓመታት በአብዛኛው ቤከር የተባለው ጀርመናዊ ፋብሪካ ሥራ ነበር። ቤከር በ1953 ያወጣው «ሜክሲኮ» የተባለ ሞዴል ጣቢያን ራሱ እየፈለገ የሚቆምና የኤፍ ኤም ሞገድም የሚቀበል መሆኑ በዘመኑ እጅግ አስደናቂ ነበር።

ይሁን እንጂ የካርቱምንም የአዲስ አበባንም የመኪና ሕይወት ከሬዲዮ ይበልጥ የለወጠው ካሴት ነው። ፊሊፕስ ካሴትን በ1963 በበርሊን ትርዒት ለዓለም አሳየ፤ በ1968 ደግሞ ካሴት የሚያጫውት የመኪና ሬዲዮ አቀረበ። በእኛ አገር ሸክላ መታተሙ በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ ሲቆም ካሴት ሙሉ በሙሉ ተካው። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ በመኖሩ የሙዚቃ ምሽት ሲጠብብ፣ የጥላሁን ገሠሠና የማሕሙድ አሕመድ ድምፅ ከአዳራሽ ወደ ቤት፣ ከቤትም ወደ መኪና ገባ። «ቴፕ» የሚለው ቃል በአማርኛ ክሩንም፣ ማጫወቻውንም፣ የመኪናውን መሣሪያ በሙሉም የሚያመለክት ሆኖ የቀረው ከዚያ ወዲህ ነው።

የሱዳን መንገድ በዚህ ረገድ ከእኛው ጋር በአስገራሚ ሁኔታ ይመሳሰላል። በመስከረም 1983 የሸሪዓ ሕግ ታወጀ፤ በሰኔ 1989 ደግሞ ወታደሮች ሥልጣን ያዙ። ከዚያ በኋላ ሙዚቀኛው አልተመቸውም። ታላቁ ድምፃዊ መሐመድ ወርዲ ለስደት ተዳረገ፤ በ1990ዎቹም አዲስ አበባ ውስጥ ለሕዝብ ዘፍኗል። ወደ አገሩ የተመለሰው በ2002 ነው፣ ያረፈውም በ2012። ሌላው ድምፃዊ ኾጃሊ ዑስማን በኅዳር 1994 በኦምዱርማን በሚገኘው የሙዚቀኞች ማኅበር ቅጥር ግቢ ውስጥ በጩቤ ተወግቶ ተገደለ። በ1996 የወጣው የካርቱም የሕዝባዊ ሥርዓት ሕግ የሠርግም ሆነ የሌላ ድግስ ሙዚቃ ያለ ፈቃድ እንዳይደረግ፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓትም እንዳያልፍ ደነገገ። ሕጎቹ የተሻሩት በኅዳር 2019 ነው።

እንዲህ ባለ ዘመን መስኮቱ የተዘጋ መኪና ምን ማለት እንደ ነበር አንባቢ ሊገምተው ይችላል። መኪናው ክፍል ነው፤ በር አለው፣ ግድግዳ አለው፣ ቀዝቃዛ አየርም አለው፤ ከማንም ፈቃድ አይጠይቅም። በቅንጦት መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው ወርዲን ወይም ጥላሁንን ሲያዳምጥ የሚሰማው ድምፅ ቤቱ ካለው ማጫወቻ የተሻለ የሚሆንበት ጊዜም ብዙ ነበር። የሱዳን ማዕከላዊ ዘፈን እንደ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ሁሉ በአምስት ድምፅ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ፣ ቋንቋውን የማይረዳ ሾፌርና ቋንቋውን የማይረዳ አሠሪ በአንድ ካሴት ሊስማሙ ይችሉ ነበር። ከግብፅ ወይም ከሶርያ ዘፈን ይልቅ የአማርኛው ዘፈን ለካርቱም ጆሮ ቅርብ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

አሁን ወደ ብልሽቱ እንምጣ። የካርቱም ጠላት ሙቀት ነው። በግንቦትና በሰኔ ጥላ ውስጥ 45 ዲግሪ የሚደርስበት ከተማ ነውና፣ ፀሐይ ላይ በቆመና በተዘጋ መኪና ውስጥ ዳሽቦርዱ ከ70 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ከ1979 እስከ 1991 የተመረተው፣ ሰዎች ደብልዩ 126 እያሉ የሚጠሩት ትልቁ ማርቼዲስ ደግሞ እስፒከሮቹን በዳሽቦርዱ ላይና ከኋላ መስታወቱ ሥር ባለው መደርደሪያ ላይ ነው የሚይዘው፤ ማለትም ፀሐይ በቀጥታ በምታርፍባቸው ሁለት ቦታዎች። ሰሪዎቹ ለስቱትጋርት ሰማይ እንጂ ለካርቱም ሰማይ አላሰቡም።

በመጀመሪያ የሚሄደው የእስፒከሩ ሾጣጣ ወረቀት ሳይሆን ዙሪያውን ከብረቱ ጋር የሚያያዘው የስፖንጅ ቀለበት ነው። ይህ ስፖንጅ በሙቀት፣ በብርሃንና በእርጥበት እያረጀ ይሄድና በጣት ሲነኩት እንደ ድርቆሽ ይፈረፈራል። ያን ጊዜ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል፤ ክራርና ቫዮሊን ይሰማሉ፤ ከበሮው ግን ይንኳኳል እንጂ አይመታም። ብዙ ባለ መኪና በዚህ ጊዜ እስፒከሩ «ተቃጥሏል» ተብሎ ይነገረውና አዲስ ይገዛል። አልተቃጠለም። አሮጌውን ቀለበት ጠርጎ፣ ሾጣጣውን መሐል ላይ አስተካክሎ፣ አዲስ ቀለበት በማጣበቅ የሚድን ሲሆን ለዚህ የሚያስፈልገው ገንዘብ ሳይሆን ትዕግሥት ነው። የማሲንቆ ቆዳ የሚለውጥ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ ሣጥኑ ያው ነው፣ የሚለወጠው የሚርገበገበው ክፍል ነው።

ሬዲዮው ውስጥ ያሉት ትንንሽ በርሜል መሰል ኮንደንሰሮችም በሙቀት ይደርቃሉ። የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያዎች የሚያውቁት አንድ መመሪያ አለ፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የእንዲህ ዓይነቱ ኮንደንሰር ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል። የካሴት ማጫወቻው ቀበቶ ደግሞ ጎማ ስለሆነ ወይ ይረግባል፣ ወይም ቀልጦ እንደ ሬንጅ ይለጠፋል። ዘፈኑ እየተንቀራፈፈ ሲሄድ ጥፋቱ የካሴቱ ሳይሆን የዚህ ቀበቶ ነው። ኋላ የመጡት የቤከር ሬዲዮዎች በተጨማሪ የሌባ መከላከያ ቁጥር አላቸው፤ ባትሪ በተነቀለ ቁጥር ቁጥሩን ይጠይቃሉ፣ ሲሳሳቱባቸውም ይቆለፋሉ። በሙቀት ባትሪ ቶሎ በሚሞትበት ከተማ፣ ሦስት ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ የተሸጠ መኪና ቁጥሩ የተጻፈበት ካርድ የት እንደ ገባ ማን ያውቃል? ምንም ጉድለት የሌለበት ስንት ሬዲዮ በዚህ ምክንያት ብቻ ተነቅሎ ተጥሎ ይሆን!

ሱዳን በነሐሴ 1999 ነዳጅ ወደ ውጭ መላክ ከጀመረች ወዲህ፣ ደቡብ ሱዳን በሐምሌ 2011 እስክትለይ ድረስ በነበሩት ዓመታት፣ የካርቱም ጎዳና በአዳዲስ የቅንጦት መኪኖች ተሞላ። ከእነርሱ ጋር ሌላ ዓይነት ችግር መጣ። የ1970ዎቹ መኪና ሬዲዮ ብቻውን የቆመ ዕቃ ነበር፤ ነቅሎ ሌላ መግጠም ይቻላል። ቦዝ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከጄኔራል ሞተርስ ጋር ሆኖ ለ1983 ሞዴል ካዲላክ በሠራው ሥርዓት ግን እያንዳንዱ እስፒከር የራሱ ሣጥንና የራሱ ማጉያ ነበረው። የእስፒከሮቹም የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ከተለመደው 4 ኦም እጅግ ያነሰ በመሆኑ፣ ከገበያ ተገዝቶ የሚገጠም ተራ እስፒከር በዚያ ማጉያ ላይ ድምፁ ይሞታል። በ1998 የወጣው ትልቁ ማርቼዲስ ደግሞ ሬዲዮውን፣ ስልኩን፣ የሲዲ ማጫወቻውንና ማጉያውን በብርሃን በሚሠራ ቀጭን የመስታወት መሰል ክር እንደ ማኅበር ጽዋ በክብ አያይዟቸዋል። ከክቡ አንዱ ዕቃ ሲሞት ሁሉም ዝም ይላሉ። ባለቤቱ «ቴፑ ሞተ» ይላል፤ የሞተው ግን ማንም የማይጠቀምበት አሮጌ ስልክ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱም የሞተውን ነቅሎ የክሩን ሁለት ጫፍ በአጭር ማገናኛ መግጠም ነው።

በዚህ ላይ በኅዳር 1997 የተጣለውና በጥቅምት 2017 በአብዛኛው የተነሣው የአሜሪካ ማዕቀብ ነበር። የአሜሪካ ዕቃ በቀጥታ አይመጣም፤ በካርድ ከውጭ መግዛትም አይታሰብም። ስለዚህ መለዋወጫ በዱባይ ዞሮ ይገባ ነበር፤ ካልገባም የካርቱም የኢንዱስትሪ ሰፈር ጠጋኞች ከሞተ መኪና ይነቅሉታል። አዲስ አበባ መርካቶ ውስጥ ሶማሌ ተራን የሚያውቅ ሰው ይህን አሠራር ማስረዳት አያስፈልገውም። እኔ በበኩሌ ማዕቀብም ሆነ የውጭ ምንዛሪ እጥረት የጠጋኝነትን ጥበብ ከማንኛውም ትምህርት ቤት በላይ አስተምሯል እላለሁ፤ ዋጋው ግን መራር ነበር።

አንድ ትንሽ ነገር ላክል። ከአሜሪካ በቀጥታ የሚመጣ አሮጌ መኪና የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያን የሚፈልገው በ10 ኪሎኸርዝ እርምጃ ነው፤ የእኛ ክፍለ ዓለም ጣቢያዎች ግን በ9 እርምጃ ነው የተደለደሉት። ስለዚህ የኢትዮጵያ ሬዲዮ ይተላለፍበት የነበረውን 873 ሲፈልጉ መሣሪያው 870 ላይ ይቆማል፤ ድምፁም ከጉንፋን ጋር ይመጣል። በአንዳንዶቹ መሣሪያዎች ውስጥ ይህን የምታስተካክል ትንሽ ማብሪያ ወይም የቁልፎች ጥምረት አለች። መሣሪያው ከመነቀሉ በፊት እርሷን መፈለግ ይገባ ነበር።

እንግዲህ ይጠገን ወይስ ይቀየር? በአዲስ መሣሪያ የሚቀይሩት ሰዎች ክርክር ቀላል አይደለም፤ ስልክ ይያያዛል፣ ኃይሉም ይበልጣል። ነገር ግን የዳሽቦርዱ ቀዳዳ በመጋዝ ይሰፋል፣ ሽቦው ይቆረጣል፣ የሚያብለጨልጭ ሰማያዊ መብራትም በእንጨት ጌጥ መካከል ይተከላል። ከሁሉ በላይ የካሴቱ አፍ ይዘጋል። በአሜሪካ ገበያ ካሴት ማጫወቻ ከፋብሪካ ይዞ የወጣው የመጨረሻው አዲስ መኪና የ2010 ሞዴል ሌክሰስ እንደ ነበር ይነገራል፤ ከዚያ ወዲህ የካሴት አፍ ያለው መኪና ሁሉ አሮጌ መኪና ነው። የስልክ ድምፅ የሚቀበል ትንሽ ካርድ በአሮጌው ቤከር ሆድ ውስጥ ፊቱ ሳይነካ መግጠም ዛሬ የሚቻል በመሆኑ፣ ፊቱን ማበላሸት ምክንያት የለውም ባይ ነኝ።

ካሴቱ ለምን ያሳስባል ቢባል መልሱ ከሚያዝያ 15 ቀን 2023 ወዲህ ካርቱም ላይ በሆነው ነገር ውስጥ ይገኛል። ውጊያው ከተቀጣጠለባቸው ቦታዎች አንዱ አውሮፕላን ማረፊያው ስለ ነበር፣ ጎረቤቱ ዐማራት ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ በእሳት መካከል ወደቀ። ነዋሪው በየአቅጣጫው ሸሸ፤ ከሸሹት መካከል በመተማ በኩል ወደ አገራቸው የተመለሱ ኢትዮጵያውያንና በዚያው መንገድ የተሰደዱ ሱዳናውያን ይገኛሉ። መኪኖች በገፍ ተዘረፉ። በኦምዱርማን የሚገኘው የሬዲዮና የቴሌቪዥን ድርጅት፣ ከ1940 ጀምሮ ሲከማች የኖረው ድምፅ ያለበት፣ በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ እጅ ወደቀ፤ የሱዳን ጦር መልሶ የያዘው በመጋቢት 2024 ነው። ካርቱም ራሷ ወደ ጦሩ እጅ የተመለሰችው ከአንድ ዓመት በኋላ በመጋቢት 2025 ነበር።

የቤተ መዛግብት ድምፅ አደጋ ላይ በወደቀ ጊዜ በግለሰብ እጅ ያለው ቅጂ ዋጋው ከፍ ይላል። ይህ ከጦርነቱ በፊትም ታይቷል፤ በ2018 ኦስቲናቶ የተባለ አሳታሚ የሱዳንን የቀድሞ ዘፈኖች ሰብስቦ ሲያወጣ፣ አዘጋጆቹ ካሴትና ሸክላ ፍለጋ ኢትዮጵያን ጨምሮ ወደ ጎረቤት አገሮች ተመላልሰዋል። በእኛም በኩል ከደርግ ዘመን ካሴቶች ወደ ሲዲም ሆነ ወደ ሌላ መልክ ያልተዛወሩት ብዙ ናቸው። ስለዚህ በጎንደርም ሆነ በአዲስ አበባ፣ በአሮጌ መኪና መሳቢያ ውስጥ የዐረብኛ ጽሕፈት ያለበት ካሴት የሚያገኝ ሰው ቸኩሎ ወደ ማጫወቻው አይክተተው። መጀመሪያ በሁለቱ ጥርሶች በኩል በእስክሪብቶ ቀስ አድርጎ እስከ ጫፍ ያጠንጥነው። ክሩን ወደ ማንበቢያው የምትገፋው ትንሿ ለስላሳ ቁራጭ ከቦታዋ አለመውደቋን ይመልከት፤ ወድቃ እንደሆነ ከሌላ ካሴት አውጥቶ ይተካት። ቅርፊቱ በፀሐይ ተጣሞ ከሆነ ክሩን ጤነኛ ወደሆነ፣ በብሎን ወደሚከፈት ቅርፊት ያዛውረው። ከዚያ በኋላ ቀበቶው በታደሰ ማጫወቻ አንድ ጊዜ ብቻ ያጫውተውና በዚያችው አንድ ጊዜ ይቅዳው።