በትግላችን ሐውልት የፈለግሁት ፊት

በጥቁር አንበሳ ተምሮ የትግላችንን ሐውልት የማያውቅ የለም። ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ፊት ለፊታችን ነው። ከሌሊት ተረኝነት ስንወጣ ጫፉ ላይ ያለውን ቀይ ኮከብ እያየን ስንት ቀን ወደ ቁርስ ሮጠናል። አብራችሁኝ የተማራችሁት የማታውቁት ነገር ግን አለ። ኢንተርን በነበርኩበት ዓመት ብቻዬን እየሄድኩ፣ በጦርነቱ የሞቱትን የኩባ ወታደሮች ፎቶ አንድ በአንድ እያየሁ እመለስ ነበር። አባቴን ፍለጋ ነው። እዚያ እንዳላገኘው እየጸለይኩ።

ታሪኩን ከሥሩ ልጀምር። የሶማሊያ ጦር ሐምሌ 1969 ዓ.ም. ኦጋዴን ገባ። በመስከረም 1970 ጅጅጋ ወደቀች፤ ሐረርና ድሬዳዋም ጭንቅ ላይ ነበሩ። ሶቪየት ኅብረት የሁለቱም ወዳጅ ሆና ለመቆየት ሞክራ አልሆነላትም። ኅዳር 4 ቀን 1970 ሶማሊያ የሶቪየት አማካሪዎችን አባረረች፤ ከኩባም ጋር ግንኙነቷን አቋረጠች። ከዚያ ወዲያ የሶቪየት መሣሪያ በአየርና በባሕር ጎረፈ፤ የኩባ ወታደርም በሺዎች መጣ። ኩባኖቹን የሚመራው ጄኔራል አርናልዶ ኦቾአ ነበር። ጥምር ጦሩ ማርዳ ላይ ፊት ለፊት ብቻ ከመጋፈጥ ተራራውን በስተሰሜን ዞረ፤ ከፊሉ በሄሊኮፕተር ተሻገረ። የካቲት 26 ቀን 1970 ጅጅጋ ነፃ ወጣች።

በትምህርት ቤት ታሪኩ እዚህ ላይ ያልቃል። ሐረርጌ ላይ ግን አላለቀም። ኩባኖቹ ቁጥራቸው እየቀነሰ፣ አንዱ ሲሄድ ሌላው እየተተካ፣ እስከ 1982 መግቢያ ገደማ ቆዩ። ይህን ያህል ዓመት የቆየ ጦር በካምፕ ብቻ ታጥሮ አይኖርም፤ ገበያ ይወጣል፣ ሻይ ቤት ይቀመጣል፣ ይወዳል።

እናቴ የሂርና ልጅ ናት። በ1973 ድሬዳዋ አክስቷ ዘንድ ሆና ዳቦ ቤት ትሠራ ነበር። አባቴ የጦሩ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ዳቦ ሊጭን ይመጣል። ግዳጁን ጨርሶ ወደ አገሩ ሲመለስ እሷ እኔን ይዛ ነበር። ሂርና ተመልሳ በ1974 ወለደችኝ። በሰፈር ልጆች «ኩባ» ይሉኝ ነበር፤ በክፋት አልነበረም። ትምህርት ቤት ስመዘገብ መዝጋቢው የአባት ስም ሲጠይቅ አያቴ «የእኔን ጻፉላት» አሉ። እናንተ በዲግሪዬ ላይ የምታውቁት ስም የአያቴ ነው።

የተመረቅሁ ዕለት ማታ ነው እናቴን ደፍሬ «ለምን ጥሎን ሄደ?» ያልኳት። ዝም ብላ ቆየችና «ልጄ፣ አልነገርኩትም እኮ» አለችኝ። ሃያ አምስት ዓመት የከዳኝ መስሎኝ የተቀየምኩት ሰው መኖሬን እንኳ አያውቅም።

መፈለግ የጀመርኩት ያኔ ነው። በእጄ ያለው አንድ የፊት ስምና «ኦሪየንቴ» የሚል ቃል ብቻ። ስሙ በኩባ እንደ እኛ አገር አበበ ነው። ኩባዊ ደግሞ ከፊት ስሙ ቀጥሎ የአባቱንም የእናቱንም ቤተሰብ ስም ይይዛል፤ እናቴ ሁለቱንም አታውቅም። ኦሪየንቴም እናቴ ከመስማቷ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1976፣ በአምስት ክፍለ ሀገር ተከፍሎ ቀርቷል። ለአንድ መሥሪያ ቤት ሁለት ጊዜ ጻፍኩ፤ መልስ የለም።

የሚገርመው የሞቱትን ማግኘት መቅለሉ ነው። ኩባ በአፍሪካ የሞቱባትን ልጆች አጽም ሰብስባ ኅዳር 28 ቀን 1982 በየትውልድ ወረዳቸው ቀብራለች። ከእኛም በኩል በዚያው ጦርነት አባቶቻቸውን ያጡ ሕፃናት ሳይቀሩ ከ2,000 በላይ ልጆች ወደ ኩባ የወጣቶች ደሴት ሄደው ተምረዋል፤ ሐኪም ሆነው የተመለሱም አሉ። እነሱ የአባታቸውን ስም ይዘው አባታቸውን አጡ። እኛ በሐረርጌ የቀረነው ምናልባት አባታችን በሕይወት አለ፤ ስሙ ነው የሌለን።

ከሦስት ዓመት በፊት የዲኤንኤ ምርመራ አደረግሁ። ፍሎሪዳ የምትኖር አንዲት ኩባዊት ተገኘች። የምንጋራው ከመቶ አንድ አይሞላም፤ አባት ቢሆን ሃምሳ ነበር። ከቅድመ አያት ወዲያ የምንገናኝ ዘመድ ናት ማለት ነው። አያቶቿ ከኦልጊን ናቸው፤ ይህም ከድሮው ኦሪየንቴ አንዱ ነው። አሮጊት አክስቷን «አፍሪካ የሄደ ሾፌር በቤታችን ነበር ወይ?» ብላ እየጠየቀችልኝ ነው።

ይህን በዓመት መጽሐፋችን የምጽፈው ለሁለት ነገር ነው። በኩባ የተማራችሁ ወይም እዚያ ወዳጅ ያላችሁ፣ እባካችሁ በማኅበሩ በኩል አግኙኝ። ሁለተኛው ለሁላችንም ነው። የበሽተኛ የቤተሰብ ታሪክ ስንጠይቅ በአባት ረድፍ «አይታወቅም» ብለን ቶሎ እናልፋለን። እኔም የራሴን የደም ግፊት ካርድ ስሞላ እንዲሁ ጽፌአለሁ። ከዚያ ቃል በስተጀርባ ሰው አለ፤ አንድ ደቂቃ ጨምሩለት።

ባገኘውስ ብዬ እፈራለሁ። ዛሬ ሰባ ያለፈው፣ ሚስትና ልጆች ያሉት ሽማግሌ ይሆናል። እናቴ ግን ስልክ በደወልኩ ቁጥር ትጠይቀኛለች። ባለፈው ሳምንት ምን አለችኝ? «ካገኘሽው ቀስ ብለሽ ንገሪው፤ እንዳታስደነግጪው።»