ያልተሠራች መርከብ ታሪክ አላትን?

ታሪክ የተደረገ ነገር ጥናት ነው ብለን ለተማሪዎቻችን እናስተምራለን። ትክክል ነው። ነገር ግን መንግሥታት የሚታወቁት ባደረጉት ብቻ አይደለም፤ ሊያደርጉ ወስነው፣ ሕግ አውጥተው፣ ስም ሰይመው፣ ኋላ በተዉት ነገርም ይታወቃሉ። የዛሬው ጽሑፌ ስለ አንዲት እንዲህ ያለች ነገር ነው። በአሜሪካ ምክር ቤት ስለ ጸደቀች፣ ንድፏ ስለ ተነደፈ፣ ሆኖም አንዲት የብረት ሰሌዳዋ እንኳ በመሥሪያው ላይ ስላላረፈች «ሞንታና» ስለምትባል ባትልሺፕ።

ላለፉት ሦስት ወራት፣ የፈተና ወረቀት ከማረም በተረፈኝ ምሽት ሁሉ፣ ይህችን መርከብ ከፕላስቲክ ስገጣጥም ቆይቻለሁ። ነገሩን የሰሙ ባልደረቦቼ «ዶክተር፣ በዚህ ዕድሜ መጫወቻ?» እያሉ ስቀውብኛል። በዚህ ገጽ የፖለቲካ ሐተታ ማንበብ የለመዱ ውድ አንባብያንም «ወደብ የሌለው አገር ሰው ከባትልሺፕ ምን አገናኘው?» ቢሉ አልፈርድባቸውም። ጥቂት ቢታገሡኝ ግን ነገሩ ከፖለቲካ እንዳልራቀ፣ ከእኛም ታሪክ ጋር በአንድ ቀጭን ክር እንደሚገናኝ አሳያለሁ። (በጽሑፉ ውስጥ ያለው ዘመን ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው።)

ሕጉና ንድፉ

በጁን 1940 ፈረንሳይ በጀርመን እጅ ወደቀች። ብሪታንያ ብትከተል አትላንቲክን ማን ይጠብቃል? በዚያው ሰዓት ጃፓን በፓስፊክ ብትነሣስ? አሜሪካ ለሁለቱ ውቅያኖሶች በአንድ ጊዜ የሚበቃ የባሕር ኃይል አልነበራትም። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ጁላይ 19 ቀን 1940 የፈረሙት ሕግ የባሕር ኃይሉን በ70 በመቶ ገደማ የሚያሳድግ ነበር። «የሁለት ውቅያኖስ የባሕር ኃይል ሕግ» መባሉም ለዚህ ነው። ሞንታና፣ ኦሃዮ፣ ሜይን፣ ኒው ሃምፕሻየርና ሉዊዚያና የተባሉት አምስት እኅትማማች መርከቦች የተፈቀዱት በዚህ ሕግ ነው።

ልካቸው ለዘመኑ እጅግ ግዙፍ ነበር። ርዝመታቸው 281 ሜትር፣ ወርዳቸው 37 ሜትር፣ ሙሉ ጭነት ሲይዙ ክብደታቸው ወደ 71,000 ቶን ይጠጋል። አፈ ሙዛቸው 406 ሚሊሜትር የሆነ 12 መድፎች በአራት ማማዎች ሦስት ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ። ከእነርሱ በፊት የተነደፉት የአዮዋ ዓይነት መርከቦች የነበሯቸው መድፎች ዘጠኝ ነበሩ። የአዮዋ ፍጥነት 33 ኖት ሲሆን ሞንታና በ28 ኖት ትወሰናለች። ነዳፊዎቹ ፍጥነት ሰጥተው የብረት ልባስና መድፍ ገዙ ማለት ነው። ወርዷም በጊዜው ከነበረው የፓናማ ቦይ በር በላይ ነው፤ የበሩ ስፋት 33.5 ሜትር ብቻ ነበርና። ይህን ገደብ ለመጣስ የደፈሩት አሜሪካ በ1940 ቁፋሮውን የጀመረችው ሰፊ በር ይደርስልናል ብለው ነው። አንዱ ዕቅድ በሌላው ዕቅድ ትከሻ ላይ ቆሞ ነበር።

ስሙም ቢሆን ዕድለ ቢስ ነው። በ1920 ሥራዋ የተጀመረ ሌላ ሞንታና ነበረች። እርሷም ሩብ ያህል ከተሠራች በኋላ በ1922 የዋሽንግተን የባሕር ኃይል ስምምነት ምክንያት ተሰርዛ በመሥሪያዋ ላይ ፈራርሳለች። በዚህ የተነሣ ያን ጊዜ ከነበሩት 48 ግዛቶች መካከል በስሙ የተሠራ ባትልሺፕ ሳያይ የቀረው የሞንታና ግዛት ብቻ ሆነ። ስሙ እንደገና በባሕር ኃይል ዝርዝር ውስጥ ገብቶ አገልግሎት ለመስጠት የበቃው በ2022 በአንዲት ሰርጓጅ መርከብ ላይ ነው።

ከጠረጴዛዬ ላይ

የእኔዋ ሞንታና ልኬቷ አንድ ለ700 ነው። ይህ ልኬት በ1971 የጃፓኗ የሺዙኦካ ከተማ ሞዴል አምራቾች በጋራ ካስፋፉት ወዲህ ለመርከብ ሞዴል የተለመደ ሆኗል። በዚህ ስሌት 281 ሜትሩ 40 ሴንቲሜትር ይሆናል። ሃያ ሜትር የሚረዝመው የመድፍ አፈ ሙዝ ሦስት ሴንቲሜትር አይሞላም። በወለሏ ላይ ሊቆም ይችል የነበረው መርከበኛ ደግሞ ከሁለት ሚሊሜትር ተኩል አይበልጥም። ሥራው ቁራጮቹን ከፕላስቲክ ፍሬማቸው በምላጭ መለየት፣ ጠርዛቸውን በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፣ በወረንጦ ይዞ በጠብታ ሙጫ ማጣበቅ ነው። ትዕግሥት እንጂ ጥበብ አይጠይቅም።

የሚያስቸግረው ሌላ ነው። አዮዋን የሚሠራ ሰው በመቶዎች የሚቆጠሩ ፎቶግራፎች አሉት፤ በየትኛው ዓመት የትኛው ራዳር እንደ ተተከለላት፣ በምን ቀለም እንደ ተቀባች ማመሳከር ይችላል። ሞንታናን የሚሠራ ሰው የሚያገኘው ንድፉንና የባሕር ኃይሉ ራሱ ያሠራውን ሞዴል ፎቶግራፍ ነው። ሞንታና በዚህ ዓለም ከሞዴል በቀር ሌላ አካል ኖሯት አያውቅም ማለት ነው። ስለዚህ ጥያቄው ይበዛል። ስንት ትንንሽ ፀረ አውሮፕላን መድፎች ልስጣት? በ1945 በውጊያ ላይ የነበሩት መርከቦች ጃርት እስኪመስሉ ድረስ በእነዚህ መድፎች ተሞልተው ነበር፤ ንድፉ ሲነደፍ ግን ይህ አልታሰበም። በየትኛው ዓመት ቀለም ልቀባት?

የሳጥኑ ሥዕል ለሁሉም መልስ አለው። መርከቧ ማዕበል እየሰነጠቀች፣ የጠላት አውሮፕላን በዙሪያዋ እየተቃጠለ ሲወድቅ ያሳያል። ድል አድራጊ ናት። እኔ ግን የሰነዱን ወሰን ላለማለፍ ወሰንሁ። በንድፉ ላይ የሌሉትን ቁራጮች በሳጥናቸው ትቼ፣ ያለ ምንም ማስመሰያ ዥንጉርጉር በአንድ ዓይነት ግራጫ ቀባኋት። ብዙዎች ባዶ ትመስላለች ይሉ ይሆናል። ባዶነቷ ግን እውነቷ ነው።

ይህ የሙያ ግትርነት ብቻ አይደለም። የመርከብ አፍቃሪዎች ሞንታናን ከጃፓኗ ያማቶ ጋር በሐሳብ ማዋጋት ይወዳሉ፤ ሞንታናንም ብዙ ጊዜ ያሸንፉላታል። ያማቶ ግን ተሠርታለች። ስለ ተሠራችም ጉድለቷ ታውቋል፤ ኤፕሪል 7 ቀን 1945 በአውሮፕላን ተደብድባ አብዛኞቹን ባሕርተኞቿን ይዛ ሰጥማለች። ያልተሠራች መርከብ ግን አትሰጥምም። ሞተሯ አይበላሽም፣ አዛዧ አይሳሳትም፣ ነዳጇ አያልቅም። እስቲ የእኛን የፖለቲካ ክርክር ይመልከቱ። «ያ መንግሥት ባይወድቅ ኖሮ»፣ «ያ ሰው ባይሞት ኖሮ»፣ «ያ ዕቅድ ቢፈጸም ኖሮ» እያልን ምን ያህል ዘመን ተከራከርን? የተፈጸመውን ከነቁስሉ፣ ያልተፈጸመውን ከነሳጥኑ ሥዕል እያቀረብን እናወዳድራለን። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት ስለ ምኞት ብቻ የተነገረ አይመስለኝም፤ በሰማይ ያለች ላም ሞታም ስለማታውቅ ነው። ያልተፈጸመ ዕቅድ ምስክርነቱ ስለ ዐቃጁ ነው፤ ቢፈጸም ምን ይመጣ እንደ ነበር ግን አይመሰክርም።

ለምን ተሰረዘች?

በኖቬምበር 1940 ከአንዲት የብሪታንያ አውሮፕላን ተሸካሚ የተነሡ አሮጌ አውሮፕላኖች በጣልያን ታራንቶ ወደብ ሦስት ባትልሺፖችን መቱ። ዲሴምበር 7 ቀን 1941 ጃፓን በፐርል ሃርበር ያንኑ ትምህርት በሰፊው ደገመችው። ከሦስት ቀን በኋላ የብሪታንያዎቹ «ፕሪንስ ኦቭ ዌልስ» እና «ሪፐልስ» በማላያ ባሕር ላይ እየተጓዙ ሳሉ በአውሮፕላን ሰጠሙ። በጁን 1942 በሚድዌይ ጦርነት ጃፓን አራት አውሮፕላን ተሸካሚዎች ስታጣ የሁለቱ ወገን ባትልሺፖች እርስ በርስ አልተያዩም።

ብረት ደግሞ ውስን ነው። ለአንዲት ሞንታና የሚሆነው ብረትና የሰው ጉልበት ለአውሮፕላን ተሸካሚዎች፣ ለሰርጓጅ አሳዳጆች፣ ወታደር ወደ ጠረፍ ለሚያወርዱ ጀልባዎች ይፈለግ ነበር። በ1942 ጸደይ ሥራው ታገደ፤ ጁላይ 21 ቀን 1943 አምስቱም ተሰረዙ።

ይህን ያደረገው ብልህነት ብቻ ነው አልልም። ጦርነቱ አስገድዷል፤ አከርካሪዋ ያልተዘረጋ መርከብ መሰረዝም ቀላል ነው። ለዚህ ማስረጃው «ኬንታኪ» ናት። ይህች የአዮዋ ዓይነት መርከብ ሥራዋ ስለ ተጀመረ ብቻ እየቆመች እየቀጠለች እስከ 1950 ድረስ ተጎተተች፤ ሳታልቅም በ1958 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። አንድ ጊዜ የመሠረት ድንጋይ የተጣለለትን ነገር መተው ለየትኛውም መንግሥት መራራ ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚያስተምረን ከሶቪየት ኅብረት ጋር ማነጻጸር ነው። ስታሊንም 406 ሚሊሜትር መድፍ የሚሸከሙ ግዙፍ ባትልሺፖች አዝዞ ነበር። የመጀመሪያዋ «ሶቪየትስኪ ሶዩዝ» ጁላይ 15 ቀን 1938 በሌኒንግራድ ተጀመረች። በዚያው ወር፣ ጁላይ 28 ቀን፣ የባሕር ኃይሉ አዛዥ የነበረው ቭላዲሚር ኦርሎቭ በጥይት ተገደለ። የአገሪቱ ብረት ፋብሪካዎች በመርከቧ ንድፍ ላይ የተጻፈውን ወፍራም የብረት ልባስ በሚፈለገው ጥራት ማቅረብ አልቻሉም። እንዲያም ሆኖ ሌሎች ሦስት እኅቶቿ ተጀመሩ፤ አንዷ በ1940 ብልሹ ሪቬት ከተገኘባት በኋላ ተሰረዘች። «አይቻልም» ብሎ በጊዜ የሚናገር ባለሙያ ምን እንደሚጠብቀው ያውቅ ነበርና። የጀርመን ወረራ በ1941 ሥራውን ሁሉ አስቆመው። ለመርከቦቹ ሙከራ ተሠርቶ የነበረው አንድ መድፍ በሌኒንግራድ መከላከል ላይ 81 ጊዜ ተኮሰ፤ ከዚያ ሁሉ ዕቅድ ለአገሩ የደረሰው ይህ ነው።

በአንደኛው አገር ዕቅድን መተው በስብሰባ የሚወሰን የአስተዳደር ጉዳይ ነበር። በሌላው አገር የክህደት ያህል ነበር። ልዩነቱ የመርከብ ሳይሆን የመንግሥት ሥሪት ነው።

የተረፈው

ለሞንታና ተብለው የታሰቡት 127 ሚሊሜትር መድፎች በኋላ በሚድዌይ ዓይነት አውሮፕላን ተሸካሚዎች ላይ ተተክለዋል። ሳይፈጸም የቀረው የፓናማ ቁፋሮም ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ2016 ለተመረቀው የቦዩ ማስፋፊያ በከፊል ጠቅሟል። ለጦር መርከብ የተቆፈረው ዛሬ ኮንቴይነር ያሳልፋል።

ቀጭኑ ክርም ይኸው። የሞንታና ሥራ በታገደበት በዚያው በ1942፣ በዋሽንግተን ግዛት አንዲት 95 ሜትር የምትረዝም የባሕር አውሮፕላኖች አገልጋይ መርከብ ተጀመረች። ስሟ «ኦርካ» ነበር። በጃንዋሪ 1944 አገልግሎት ገብታ ጦርነቱን አየች። በ1962 ደግሞ ለኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ተሰጥታ «ኢትዮጵያ» ተባለች፤ የባሕር ኃይላችን ዋና መርከብና የዕጩ መኮንኖች ማሠልጠኛ ሆና በ1991 ወደ የመን እስክትሸሽ ድረስ አገለገለች። በእኔ ልኬት 13 ሴንቲሜትር ተኩል ትሆን ነበር። ከሞንታና ጎን ብትቆም ጀልባ ትመስላለች። ነገር ግን ሠርታለች፣ ዝጋለች፣ ሰው አሠልጥናለች፣ በመጨረሻም እንደ ማንኛውም የተሠራ ነገር አልቃለች።

እንግዲህ፣ ውድ አንባብያን፣ ታላላቅ ዕቅዶች በሚያማምሩ ሥዕሎች ታጅበው ሲቀርቡልን ሁለት ጥያቄ መጠየቅ ይገባናል። አንደኛው፣ ይህን ለመሥራት ብረቱ አለን ወይ የሚል ነው። ሁለተኛውና የሚበልጠው፣ ብረቱ እንደሌለን የሚያውቀው ሰው ይህንኑ ተናግሮ በሰላም ወደ ቤቱ መግባት ይችላል ወይ የሚል ነው።

ቸር ያሰንብተን።