የወጌሻው ፈቃድና የፊዚዮቴራፒስቱ ወረቀት

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ የተተረተው ምላሱን መግታት ላቃተው ሰው ቢሆንም ሳያስበው አንድ የሕክምና ታሪክ ነግሮናል። የአፉ ወለምታ አይታሽም፤ የእግሩ ግን ይታሻል ማለት ነው። ቅቤውን አቅልጦ የሚያሸው ደግሞ ወጌሻ ነው።

በምዕራብ ጎጃም ገጠር አንዱ ቡሬ ገበያ ሲወርድ በቅሎ ብትጥለው፣ ሌላው ከእህል ክምር ላይ ቢንሸራተት፣ ልጁ ከዛፍ ቢወድቅ መጀመሪያ የሚጠራው ማን እንደሆነ ለማንም አይጠፋውም። ወጌሻው ይመጣል፤ በጣቱ ይዳስሳል፤ «ስብራት ነው»፣ «ውልቃት ነው»፣ «ወለምታ ነው» ብሎ ይለያል። ከዚያም ያሻል፣ ይጎትታል፣ በቀርከሃ ስንጥር ደግፎ በጨርቅ ይጠግናል።

ለመሆኑ ለዚህ ሰው የሥራ ፈቃድ የሰጠው ማነው? ቢጠይቁት አባቴ ነው ያስተማረኝ ይላል። ፈቃዱን የሰጠው ግን አገሬው ነው። «እገሌ የእገሌን ልጅ ክንድ አቃንቶለታል» የሚለው ወሬ ዲፕሎማው ነው። ፈቃዱ ደግሞ በየገበያው ቀን ይታደሳል። አንድ ክንድ አጣሞ ከጠገነ ያ ጠማማ ክንድ በየሰንበቴው፣ በየለቅሶው ቤት ሲዞር ይኖራል። ከዚያ በኋላ ወጌሻውን የሚጠራው አይገኝም። ፈቃዱ ተነጠቀ ማለት ይሄ ነው፤ ደብዳቤም አልተጻፈ፣ ማኅተምም አልተመታ።

ይህ ፈቃድ በክፉ ቀን ብዙ ሠርቷል። በ1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ ገብተው በበላያ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ ሲያቀኑ የጦርነቱ አንዱ መስመር ይኸው የቡሬ መንገድ ነበር። ጣሊያን በየካቲት መጨረሻ ቡሬን ለቆ ሲወጣ ደንበጫ አጠገብ የተደረገው ግጭት ብዙ ሰው የቆሰለበት ነው። ፍኖተ ሰላም የሚለውን ስም ንጉሡ ያወጡላት በዚያ ጉዞ ነው ይባላል፤ በፊት ወጀት ነበር ስሟ። ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል አዲስ አበባ ላይ ከተከፈተ ያኔ ሠላሳ ዓመት አልፎት ነበር። ለጎጃም ገጠር ግን አዲስ አበባ ሩቅ ነው። የገበሬውን አጥንት የሚጠግነው ያው ወጌሻው ነበር።

መንግሥት ከነጻነት በኋላ ሐኪሞችን መመዝገብ ሲጀምር ይህንን አልዘነጋም። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው የሐኪሞች ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 100 ሳይመዘገቡ ማከምን ሲከለክል ለባህል ሕክምና በር ትቶ ነበር። የዘመኑ ሕጎች መንፈስ ግልጽ ነው፦ አካባቢው የሚያውቀው ሰው በለመደው መንገድ ያክም፣ ሕይወት ላይ አደጋ እስካላደረሰ ድረስ አይከልከል። እንግዲህ ከዚያ ጀምሮ ሁለት በር አለን። አንዱ የወረቀት ነው፣ ሌላው የአገሬው ምስክርነት።

በወረቀቱ በር ዘግይቶ የገባው ፊዚዮቴራፒስቱ ነው። ሙያው በዓለም ላይ የገነነው በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ቁስለኞችና በፖሊዮ ሕጻናት ምክንያት ነው፤ የዓለም ማኅበሩም የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። ወደኛ ሲመጣ አንዱ በሩ የሥጋ ደዌ ነበር። በ1958 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተው አለርት ጣታቸው የታጠፈባቸውንና እግራቸው የሰነፈባቸውን ሰዎች በቀዶ ሕክምና ሲያቃና፣ ከቀዶው በፊትና በኋላ ጡንቻውን የሚያሠራ ባለሙያ ያስፈልግ ነበር። ሙያው በዲግሪ ደረጃ መሰጠት የጀመረው ግን በጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1995 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ወጌሻ በዕድሜ ሽማግሌ ነው፤ የኛ ፊዚዮቴራፒስት ገና ጎረምሳ ነው።

ብዙ ሰው ፊዚዮቴራፒ ሲባል «ዘመናዊ ወጌሻ» ይመስለዋል። አይደለም። አጥንት ከገጠመ በኋላ የሚቀር ሌላ ሥራ አለ። ጉልበቱ ለስድስት ሳምንት በጀሶ የታሰረ ገበሬ ጀሶው ሲፈታ አጥንቱ ድኗል፤ ጉልበቱ ግን አይታጠፍም፣ ጭኑ ሟሽሿል። ቁጢጥ ማለት ያልቻለ ሰው አረም አይነቅልም፣ ዕርፍ የማይጨብጥ እጅ አያርስም። ጀርባው የተመታው ደግሞ ካልተገላበጠ ይቆስላል። በስትሮክ ግማሽ ጎኑ የሰነፈው ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ካልተንቀሳቀሰ ብዙ ነገር ያመልጠዋል። ፊዚዮቴራፒስት ማለት «ድነሃል፣ ሂድ» በተባለውና ወደ ሥራው በተመለሰው ሰው መካከል የቆመው ባለሙያ ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ። በአዋጅ ቁጥር 661/2002ና በደንብ ቁጥር 299/2006 ማንኛውም የጤና ባለሙያ ሳይመዘገብና የሙያ ፈቃድ ሳያወጣ እንዳይሠራ ተደነገገ። በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1112 የምግብና የመድኃኒቱ ቁጥጥር ለብቻው ሲወጣ የባለሙያው ጉዳይ ወደ ጤና ሚኒስቴር ዞረ፤ በክልል ደግሞ የጤና ቢሮዎች ይሠሩታል። ፈቃዱ ጊዜ አለው፤ ጊዜው ሲደርስ ይታደሳል። ለማሳደስም «ሲፒዲ» የሚባለውን ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና የወሰዱበትን ማስረጃ ማቅረብ ያስፈልጋል። መልካም ነው። እውቀት እንደ ማረሻ ነው፤ ካልተሳለ ይደንዛል።

ችግሩ ያለው ከሙያው ወጥቶ ለመመለስ የሚፈልገው ሰው ጋ ነው። አንዷ ልጆች ወልዳ ዓመታት ቤት ትቀመጣለች። አንዱ ደመወዙ አልበቃ ብሎት ንግድ ይሞክራል። ሌላው አረብ አገር ሄዶ በሌላ ሥራ ቆይቶ ይመጣል። ሌላው ደግሞ ጦርነት አፈናቅሎት ከርሟል። እነዚህ ሰዎች ነገ «ልሥራ» ቢሉ ምን እንጠይቃቸው? ወረቀቱ ስላለፈበት ጨርሶ እንከልክላቸው? ወይስ ሦስት አራት ሰርተፊኬት አሰባስበው ስለመጡ ዝም ብለን እናሳልፋቸው? ሁለቱም ስህተት ነው። የመጀመሪያው እጅ ያባክናል፣ ሁለተኛው በሽተኛ ይጎዳል። አዳራሽ ተቀምጦ የተገኘ ሰርተፊኬት ጣት ጉልበትን እንዴት እንደሚያጥፍ አይመሰክርም።

ሌሎች አገሮች ይህን እንዴት ፈቱት? በአሜሪካ ፈቃዱን የሚሰጠው እያንዳንዱ ግዛት ስለሆነ ለተመላሽ ባለሙያ የሚጠየቀው ከግዛት ግዛት ይለያያል። የብሪታንያው ግን ለመረዳት ቀላል ነው። ከሁለት ዓመት በታች ከሥራ የራቀ ባለሙያ ይህ ግዴታ የለበትም። ከሁለት እስከ አምስት ዓመት የራቀ 30 ቀን፣ ከአምስት ዓመት በላይ የራቀ 60 ቀን እውቀቱን ያድሳል። ቀኖቹን በሌላ ባለሙያ ዐይን ሥር በመሥራት፣ በትምህርት ወይም በግል ንባብ መሙላት ይችላል፤ የግል ንባቡ ግን ከግማሽ አይበልጥም። በሩ አልተዘጋም፣ ወለል ብሎም አልተከፈተም።

ይህ ነገር ለፍኖተ ሰላም ምኗ ነው የሚል ካለ የ2015 ዓ.ም. ነሐሴን ያስታውስ። ነሐሴ 7 ቀን በከተማዋ በደረሰው ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች እንደሞቱና ከሃምሳ በላይ እንደቆሰሉ ተዘግቧል። የሞተው ተቀበረ፤ የቆሰለውስ? ቁስሉ ከሻረ በኋላ የማይታጠፍ ክርን፣ የማይረግጥ እግር ይዞ ይቀራል። በተቆረጠ እግር ላይ ሰው ሠራሽ እግር ለመልመድም አሠልጣኝ ያስፈልጋል። ያኔ ነው እያንዳንዱ የሠለጠነ እጅ የሚቆጠረው። በዚያው ጊዜ ግን መንገዱ ይዘጋ ነበር፣ የሞባይል ኢንተርኔትም በክልሉ ለወራት ተቋርጦ ነበር። ባሕር ዳር ወርደህ ሠልጥን፣ ወይም በኢንተርኔት ተማር የሚባለው ባለሙያ በየት በኩል ይሂድ?

የወረቀቱ በር ሲጠብ ሰው ቤቱ አይቀመጥም፤ ወደ ሌላው በር ይሄዳል። ወጌሻውን አላንቋሽሽም፤ ስንት ወለምታ አሽቶ፣ ስንት ውልቃት መልሷል። ነገር ግን እውነቱም ይነገር። በስብራት ላይ ስንጥሩ ጠብቆ ሲታሰርና ውስጡ ሲያብጥ ደም ይታገዳል። ጣቱ ይቀዘቅዛል፣ ይደነዝዛል፣ ይጠቁራል። ሐኪሞቻችን ለዓመታት ሲናገሩት የኖሩት ነው፦ በዚህ ምክንያት በጋንግሪን እጅና እግራቸውን የሚያጡ ሕጻናት አሉ። የአገሬው ምስክርነት ጉድለቱ ይህ ነው። ጠማማውን ክንድ ያያል፤ የተቆረጠውን ግን «የእግዜር ቁጣ ነው» ብሎ ያልፈዋል።

እንግዲህ ሁለቱም በሮች አንዳቸው ከሌላቸው የሚማሩት አላቸው። ወጌሻው ከወረቀቱ ወገን መማር ያለበት አጭር ነገር ነው፦ ካሰርክ በኋላ ጣቱን እይ፣ ከቀዘቀዘና ከደነዘዘ ፈጥነህ ፍታ፣ አጥንቱ ቆዳ በስቶ ከወጣ አትንካው፣ ሆስፒታል ላክ። የወረቀቱ ወገን ደግሞ ከአገሬው የሚማረው ሥራን በዐይን አይቶ መመስከርን ነው።

ለተመላሹ ፊዚዮቴራፒስትም መንገዱ ከዚህ ይገኛል። ጊዜያዊ ፈቃድ ይሰጠው፤ ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ሆስፒታል ውስጥ በሥራ ላይ ካለ ባልደረባው አጠገብ ሠላሳም ስልሳም ቀን ይሥራ። እዚያ የሚያየው ባልደረባ ከሌለ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ይላክ፤ የትራንስፖርቱን ነገር ግን ቢሮው ያስብበት። የታደሙ ስብሰባዎች ብዛት ሳይሆን ያሻሻላቸው በሽተኞች ይቆጠሩ። ጉልበቱ ስንት ዲግሪ ይታጠፍ ነበር፣ አሁን ስንት? ያለ ምርኩዝ ስንት እርምጃ ይራመዳል? ይህ የሚለካ ነገር ነው። ቀኑን ሲጨርስ ያየው ባለሙያ «አይቼዋለሁ፣ እጁ ደህና ነው» ብሎ ይፈርምለት። ደህና ካልሆነም አይፈርም፤ ያም የፈቃዱ ክብር ነው።

ፈቃድ የተፈለገው ለምን እንደሆነ መርሳት የለብንም። ከተማው ሰፋ፣ ሐኪሙንና ታማሚውን የሚያስተዋውቅ ሰንበቴ ጠፋ፤ ስለዚህ መንግሥት «እኔ አይቼልሃለሁ፣ እመነው» ለማለት ማኅተም ሠራ። ማኅተሙ ሳያይ ከመሰከረ ከወጌሻው ፈቃድ ያነሰ ይሆናል። ሳያይ ከከለከለም እንዲሁ።