በኦንላይን አገልግሎቶች ላይ የሚታየውን ሰዓት ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ስለ መለወጥ

ተገልጋዮች በኦንላይን በሚደርሳቸው የቀጠሮ ማረጋገጫ፣ የክፍያ ደረሰኝ ወይም የአውሮፕላን ትኬት ላይ የሚያነቡት ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ በ24 ሰዓት አቆጣጠር የተጻፈ ነው። ይህ አቆጣጠር ከእኩለ ሌሊት ይጀምራል። በኢትዮጵያ የተለመደው ግን ቀኑን ከንጋት፣ ሌሊቱን ከምሽት ጀምሮ የሚቆጥር በመሆኑ በሁለቱ መካከል የ6 ሰዓት ልዩነት አለ።

ለመለወጥ ከተጻፈው ሰዓት ላይ 6 ይቀነሳል። በዚህ መሠረት 09:00 ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ 14:30 ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ውጤቱ 13 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 12 ይቀነስለታል፤ ስለዚህ 20:00 ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ከ07:00 በፊት የሆነ ሰዓት ሲያጋጥም ደግሞ በመቀነስ ፈንታ 6 ይደመራል፤ 02:00 ከሌሊቱ 8 ሰዓት ማለት ነው።

አሳሳቢው ስሕተት የሚደርሰው ግን በሰዓቱ ሳይሆን በዕለቱ ላይ ነው። ማክሰኞ 02:00 ተብሎ የተመዘገበ በረራ የሚነሣው ማክሰኞ ውሎ በሚመጣው ሌሊት አይደለም፤ ሰኞ ውሎ ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው። መንገደኛው ሰኞ ማታ አውሮፕላን ማረፊያ መገኘት ይኖርበታል። ማክሰኞ ማታ የሚሄድ ሰው የሚደርሰው በረራው ከሄደ ከብዙ ሰዓታት በኋላ ነው። «አጥቢያ» የሚለው ነባር አነጋገር ይህን ልዩነት ያለ አንዳች ብዥታ ስለሚገልጽ፣ ቀጠሮን ለቤተሰብ ወይም ለሹፌር ሲያስታውቁ በዚሁ ቃል መጠቀም ይመረጣል።

የጊዜ ገደብ በሰዓት ሲሰጥም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲከፈል የታዘዘ ክፍያ፣ ትእዛዙ ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ከተሰጠ የሚያበቃው ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ነው እንጂ ቅዳሜ እኩለ ሌሊት ላይ አይደለም። ገደቡ በሥራ ቀናት ካልተገለጸ በቀር ኮምፒውተሩ የዕረፍት ቀንንም ይቆጥራል። የፕሮግራም ቋንቋዎች ለዚህ የተዘጋጀ ትእዛዝ አላቸው። ለምሳሌ በሲ ሻርፕ «አድአወርስ» የተባለው ትእዛዝ በአንድ የጊዜ እሴት ላይ የተፈለገውን ሰዓት ደምሮ፣ ዕለቱን፣ ወሩንና ዓመቱን አሸጋግሮ አዲስ እሴት ይሰጣል። የሚያሸጋግረው ግን በተለመደው አሠራሩ በጎርጎርዮሳዊው የዘመን አቆጣጠር ነው። ስለዚህ በጳጉሜን መጨረሻ የሚያልፍ ገደብ በጥንቃቄ መታየት አለበት፤ ከጳጉሜን 5 ቀጥሎ የሚመጣው በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ሲሆን፣ በሌሎቹ ዘመናት መስከረም 1 ነው።

አንዳንድ ሥርዓቶች ሰዓትን የሚመዘግቡት በዓለም አቀፉ የተቀናጀ ሰዓት ነው። የኢትዮጵያ ሰዓት ከዚህ 3 ሰዓት ይቀድማል። ደረሰኝ ላይ 06:00 የሚል ሰዓት የታየው ተገልጋይ ክፍያውን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ የፈጸመ ከሆነ፣ ሰዓቱ የተጻፈው 3 ሰዓት ሳይደመርበት መሆኑን ይረዳል። እንዲህ ያለውን ደረሰኝ ከባንኩ የአጭር መልእክት ጋር አብሮ መያዝ ክርክርን ያስቀራል።

በውጭ አገር ለሚኖሩ ተገልጋዮች ተጨማሪ ስሌት አለ። ኢትዮጵያ ሰዓቷን በወቅት አትለውጥም፤ ሳዑዲ ዓረቢያም እንዲሁ ስለሆነ የሁለቱ አገሮች ሰዓት ዓመቱን ሙሉ እኩል ነው። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በ1 ሰዓት ይቀድማል። እስራኤል በበጋዋ ከኢትዮጵያ ጋር እኩል፣ በክረምቷ 1 ሰዓት ኋላ ናት። ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ አንድ ጊዜ 7፣ አንድ ጊዜ 8 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች፤ ለውጡ የሚደረገው በማርች ሁለተኛ እሑድና በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ነው። ስለዚህ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የተያዘ የአዲስ አበባ የቪዲዮ ቀጠሮ በዋሽንግተን አንዳንዴ ሌሊት 02:00፣ አንዳንዴ 01:00 ላይ ይውላል። ለውጡ ከመድረሱ በፊት የተያዘ ቀጠሮ ካለ፣ ሰዓቱን በአዲስ አበባው መነሻ እንደገና ማስላት ያስፈልጋል።